በሩን ዝጋ፣ ጊደሮቹ እንዳይገቡ

— ሄሎ?... አዎ፣ ኖሪን ነኝ። ሌላ ማን ያነሳዋል?... ክላይቭ! እህት እንዳለህ ዛሬ ነው ትዝ ያለህ?

— ጊደሮቹን የት ነው የምታስገባው?... የተቃጠለው ዳገት ላይ? የአባባ ባሕር ዛፍ ሥር?... ቆይ፣ ቆይ፣ በሩን እንዳትከፍት!

— አዎ፣ ሞቷል... አውቃለሁ። እኔም እሳቱ የመጣ ቀን ያለቀስኩት ለቤቱ አይደለም፣ ለዛፉ ነው።

— የጎረቤትህ የዱጋል ዛፍማ ያቆጠቁጣል! የሱ ሌላ ዓይነት ነዋ፣ ልጡ እስከ ቅርንጫፉ ሻካራ። የኛው ከታች ብቻ ነው ሻካራ፤ ወደ ላይ ልሙጥ ሆኖ ልጡ እንደ ጥብጣብ የሚንጠለጠለው... እሱ እሳት ከፈጀው አያቆጠቁጥም። ዘሩን ያራግፍና ይሞታል... እዚያው ተወልደህ እዚያው አርጅተህ ይሄን አታውቅም?

— ማርጅ፣ ማንቆርቆሪያው ገነፈለ፣ አውርጂልኝ!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ያ አረም ያልከው ምን ይመስላል?... ከላይ ሆነህ አይታይህም፣ ተንበርከክ... ወገብህን ተወው፣ ሁላችንም ወገብ አለን።

— ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግራር ነው፣ እለፈው... ግንዷ ቀላ ያለ? ቅጠሏ ጥንድ ጥንድ?... እስቲ አንዷን ቅጠል እሽት አድርገህ አሽትት...

— ምን ምን ይሸታል?... ባሕር ዛፍ?

— አላልኩህም!... በየቦታው?... አንተ፣ እያለቀስክ ነው እንዴ?... እሺ፣ ጉንፋን ነው። ይማርህ።

— ኧረ እንዳትነቅላት! ባልዲ ውስጥ ምን ትሠራለች? አመዱና ፀሐዩ ይበቃታል፣ ጥላ አትወድም... ውሃም አታጠጣ። አጥሩን ብቻ ጠግን፣ ካንጋሮም እንዳይገባ። ጊደሮቹን ወንዙ ዳር ውሰዳቸው።

— አድጋ መቼ ትደርሳለች?... ኧረ ክላይቭ፣ ትልቅ ሆና አንተም አታያት፣ እኔም አላያት።

— ታዲያ ምን ይሁን? አባባ ትልቁን ነው ያየው። አያታችንም ትልቁን ነው ያየው። ከዘራችን ይሄን ዛፍ ትንሽ ሆኖ ያየኸው አንተ ብቻ ነህ።

— ... እ?... አዎ። እሁድ እመጣለሁ፣ እኔም ልያት... እሺ፣ ቻው። ስትነሳ ቀስ በል፣ የምትረግጠውን እያየህ።