የእናቷን ዊልቸር የሚይዘው ብረት

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ከሳቢያን ሰፈር በተሳፈርኩባት ባጃጅ ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ በያጅ አጠገቤ ተቀምጠው ብረት ሊገዙ ይሄዳሉ። ከመኪናዋ ኋላ፣ መጎተቻው ጋንቾ ላይ የሚገጠም፣ የእናቷን ዊልቸር የሚይዝ መጫኛ ሊሠራላት ነው።

«ከፍ አድርገው አልኩህ፤ የጀልዴሳ መንገድ አሸዋ ነው፣ መሬት ይነካብኛል።»

«ለካሁት እኮ እህቴ! ከመሬት ሁለት ስንዝር ሙሉ አለው።»

«መኪናው ባዶውን ቆሞ ነዋ የለካኸው!»

«ታዲያ ምን ልጫንበት?»

«እናቴን፣ ሁለቱን አክስቶቼን፣ ጓዛቸውን። ያን ሁሉ ሲጭን ኋላው ዝቅ ይላል።»

«አቦ፣ ለምን ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ አናስረውም?»

«እዚያ ላይ ብቻዬን ማውጣት አልችልም።»

«እማማ ለአንድ ቀን ቤት ቢቀሩስ?»

«ጀልዴሳ የወንድሟ ልጅ ሰርግ ነው! ባለፈው ሰርግ ሰው ተሸክሟት ገብታ፣ አፍራ ምግብ ሳትቀምስ ዋለች። አሁን በራሷ ወንበር ነው የምትገባው።»

«ወላሂ አንቺ አትለቂም።»

«አልለቅም። ነገ ጠዋት ሁሉንም መኪናው ውስጥ አስቀምጬ አመጣልሃለሁ፤ ያኔ ትለካለህ።»

«አክስቶችሽንም?»

«በተለይ አክስቶቼን!»

እኔም ጥጌን ይዤ፣ እግሬ ተሰብሮ በነበረ ጊዜ በእጅ ጋሪ እየገፋች ሐኪም ቤት ያመላለሰችኝን እህቴን ፋጡማን አሰብኩ።