የቡኒት ሽንትና የእኔ ዝምታ

እኛ ባደግንበት ዘመን ውሻ ሐኪም ቤት ሄደች ቢባል ሰው ይስቅ ነበር። ይኸው እኔው ወሰድኩና ተሳቀብኝ። ወሬ አላውቅም እኔ፤ ጠየቃችሁኝ፣ ልንገራችሁ።

ቡኒት የግቢያችን ውሻ ናት። ከበር ውጭ ካልሆነ የማትሸና ነበረች፣ ታዲያ ክረምቱ ሲወጣ በረንዳው ላይ ጀመረች። ልጄ ሙሉ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ የጸሎት ጓደኞቿን የምትሰበስበው እዚያው በረንዳ ላይ ነው፣ እና ምንጣፉ ሸተተ፣ እና አፈረች፣ እና ተቆጣች።

«አባዬ፣ ይቺ ውሻ ባለገች! ውሃ ይቀነስባት። እምቢ ካለች ቆሼ ወስደው ቆሻሻው ላይ ይጣሏት።»

«ውሃ አትከልክያት» አልኩ።

«ለምን?»

ምንጣፉን ጠቅልዬ ፀሐይ ላይ ላሰጣው ተነሳሁ። ነገሩ ገብቶኛል። ቡኒት ቁጭ ትላለች፣ ጠብታ። ትነሳለች፣ ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ ቁጭ፣ ደግሞ ጠብታ። ከዚያ ሥሯን ትልሳለች፣ ትልሳለች። አንድ ጠዋት ሲሚንቶው ላይ ቀላ ያለ ነገር አየሁ። ብርድ ነው ብዬ ጆንያ አነጠፍኩላት፣ እኔ ተደብቄ ከምጠጣው ተልባ ቀነስኩላት፣ አሽታ ተወችው። ታዲያ ሙሉን «ሐኪም ይያትና ከዚያ ትጣል» አልኳት።

ቤቴል ሰፈር የእንስሳት ሐኪም አለች። ታክሲ ውሻ አይጭንም፣ ሦስታችንም በእግር። ቡኒት በየስልክ እንጨቱ ሥር ቁጭ፣ እኔም ገመዷን ይዤ ቆም። አንዱ ወያላ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባባ! በየፌርማታው ወራጅ አለ እንዴ?» አይለኝም! መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «ምን ሆነችብዎት?» አለችኝ። ታዲያ እኔ፣ ከሰው የማላወራው ሰውዬ፣ አፌ ተከፈተ። «ይመጣባታል፣ ስትቀመጥ ግን የለም። ያቃጥላታል፣ መጀመሪያ ላይ አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ነው። ጨረስኩ ብላ ስትነሳ ደግሞ ይመጣባታል። ታፍራለች።»

ሐኪሟ እስኪርቢቶዋን አስቀመጠች። «መጨረሻው ላይ እንደሚያቃጥላት ቡኒት ነገረችዎት?»

ሙሉ ዞራ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሽንቷን መረመረችና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለች። «ውሃ እንደ ልቧ ትጠጣ፣ ቶሎ ቶሎ ውጭ ትውጣ። መድኃኒቱን ተሻላት ብላችሁ እንዳታቋርጡ፣ ይመለስባታል። የሰው ኪኒን በግምት እንዳትሰጧት።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ እርስዎ ግን የሰው ሐኪም ጋ ይሂዱ» አለችኝ።

ስንመለስ የቡኒትን ገመድ ሙሉ ያዘች። ሰፈር ልንደርስ ስንል «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«እሷን ነው?»

«አባዬ!» ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ለሴት ልጅ እንዴት ይነገራል?» አልኩ።

«በውሻ ስም ሲሆን እንዴት ወጣዎት ታዲያ?»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ቡኒትም ቆሼ አልሄደች፣ በረንዳውም ደረቀ። አሁን ጠዋት ጠዋት ሙሉ «ኪኒን!» ብላ ስትጣራ ሁለታችንም እንመጣለን፣ እሷ ጭራዋን እየቆላች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ። የቡኒት ኪኒን ዳቦ ውስጥ ተደብቆላት ነው፣ ማን ያውቅባታል? የእኔን ግን ሙሉ በጸሎቱ መሃል «ለአባዬ ጸልዩላቸው፣ ሽንታቸውን አሟቸው ነው» ብላ ለሁሉም ነገረቻቸው!

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ በጓሮ በር ነው የምወጣው።