የዳንግላ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ባለቤት ተፈተኑ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌና ወጣት ሴት ግን አላስጽፍ አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዳንግላ መጀመሪያ ኮምፒውተር ያመጡት እርስዎ አይደሉም? እናቴን አስተምረዋታል።»

«አዎ፣ ልጄ። ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ በጋሪ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት።»

«ዛሬስ ከየት ነው?»

«ከፈተና። ኮምፒውተር እንደምችል የምስክር ወረቀት ካላመጣሁ ማሠልጠኛዬ ሊዘጋ ነበር።»

«ኧረ በሕግ! እርስዎን ደግሞ ማን ደፍሮ ይፈትናል?»

«እኔ ያስተማርሁት ልጅ ያስተማራት ልጅ። ጎበዝ ናት፤ ቅንጣት አላዳላችልኝም።»

«አለፉ?»

«አለፍሁ እንጂ! ይኸው ወረቀቱ።»

«እሰይ! ታዲያ ብቻዎን ምን ያስቅዎታል?»

«በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ተፈታኙ ሁሉ ሳቀብኝ። በእኛ ጊዜ ኮምፒውተር ክፍል በጫማ አይገባም ነበር፤ አቧራ ያበላሸዋል ብለን።»

«እናቴም ነግራኛለች፤ ካልሲዋን አጥባ ነበር አሉ የምትመጣው።»

«አየሽ!»

«ፈታኟስ፣ አብራ ሳቀች?»

«እሷማ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ አወለቀች።»

እኔ ላፕቶፔ ላይ የተበተነውን የዳቦ ፍርፋሪ በእጅጌዬ ጠረግሁ።