የሮቢት የመጀመሪያዋ ባቡር

እኛ ሸዋ ሮቢት ሐዲዱ ከተነጠፈ ስንት ጊዜው፤ ባቡሩ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ እኔው ራሴ ሠራሁት! የበርና የመስኮት በያጅ ነኝ። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ሁሉ የወተት ቆርቆሮና የመዳብ ቧንቧ ስቀጣጥል ከርሜ፣ የድሮዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች የምትመስል፣ ክንድ የማታህል ባቡር ወጣችልኝ። የራሷ መሄጃ ስለሌላት፣ ጎማዎቿ ከትልቁ ሐዲድ አንዱን ብረት ግራና ቀኝ አቅፈው እንዲሄዱ አድርጌ ሠራኋቸውና አንድ ጠዋት ይዣት ወደ ሐዲዱ ወረድኩ። ውሃ ሞልቼ እሳቷን ብለኩስ፣ ዝም። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ፣ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ "ቱፍ ቱፍ" ብላ ተነሳች። በደስታ ጮህኩ!

ቀና ስል የቀወት ወረዳው ገበሬ ጋሼ ሰይድ ሽንኩርት የተጫኑ ሁለት አህዮቻቸውን ይዘው ከሐዲዱ ዳር ቆመዋል። "ይለፉ እንጂ ጋሼ" ብላቸው፣ "ባቡር እየመጣ? አብደሃል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ። ሌላ ጊዜ ግራ ቀኝ ሳያዩ የሚሻገሩት ሰው፣ ባቡሬ እንደ ኤሊ እየተጎተተች አጠገባቸው እስክትደርስ ፍንክች አላሉም።

"ጭነት ትችላለች?" አሉኝ።

"እንጃ ጋሼ፣ አልሞከርኳትም።"

ከጆንያው ትንሿን ሽንኩርት መርጠው ጀርባዋ ላይ አኖሩ። ባቡሬ ዘመም አለች፣ ድምፅዋ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከዚያ ቱፍ ቱፏን ቀጠለች።

"ማሻአላህ!" አሉ ጋሼ ሰይድ። ወደ አህዮቻቸውም ዞር ብለው፣ "በሉ እናንተ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሥራ ፈልጉ" አሏቸው።