የሳጥኑ ማሸጊያ ቁጥር

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት የምርጫ አስፈጻሚ ይጠይቋት ነበር፤ እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

“ድምፃችን ለምን ተሰረዘ? ሳጥኑ ተሰበረ እንዴ?”

“አልተሰበረም አባባ። የማሸጊያው ቁጥር መዝገቡ ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጠመም።”

“በስንት?”

“በአንድ አኃዝ።”

“ለአንድ አኃዝ ቀበሌው በሙሉ እንደገና ይሰለፍ?”

“ማሸጊያው አለመቀየሩን ማረጋገጥ ስለማይቻል ነው።”

“ማነው የተሳሳተው?”

“እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ ስጽፍ ተሳሳትኩ።”

“ማን ደረሰብሽ?”

“ማንም። ራሴ ተናገርኩ።”

“ሥራሽስ?”

“ለድጋሚው ሌላ ሰው ተክተዋል።”

“ቀኑ መቼ ነው? ሐሙስ ገበያ አለን።”

“እሁድ ነው።”

“እንግዲያው ከጸሎት መልስ እሰለፋለሁ። ሳጥኑን ግን አንቺ ብትጠብቂው ይሻለኝ ነበር።”

ስወርድ፣ እውነት መናገር ያስተማረቻትን የማላውቃትን እናቷን አስቤ ጌታን አመሰገንኩ።