እስኪነጋ መሳቅ

የማታውቋቸው ሰዎች ወሬ ሚኒባስ ውስጥ ይዟችሁ ነጉዶ ያውቃል? እኔን ከአምቦ ወደ ሸነን ስሄድ ገጠመኝ። በቅደም ተከተል ላስረዳ፦ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ተቀምጠው ነበር።

"ጥቁር ሹራብ ለብሰህ መጣህ?"

"ብርድ ነው፣ ኦቦ ቶላ።"

"አውልቀው። ገና በር ላይ ስታይህ ይገባታል።"

"እንደደረስን ብንነግራትስ? ልጅሽ ገመቹ እዚያ ጦርነቱ አካባቢ እርዳታ ሲያከፋፍል ተገደለ እንበላት።"

"መርዶ በጠራራ ፀሐይ? ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። እስከዚያ እንግዳ ነን፤ እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ እናድራለን።"

"እናት ናት፣ ስለ ልጇ መጠየቋ አይቀርም።"

"ኔትወርክ የለም በላት። ውሸትም አይደለም።"

"ዶሮ ብታርድልንስ?"

"ትበላለሃ።"

"አይወርድልኝም።"

"የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ስታስጨምር አይቼሃለሁ፤ ይወርድልሃል። አሁን እስቲ ሳቅ።"

"ሄ ሄ።"

"የታመመ ፍየል ትመስላለህ። ድገመው።"

"ሄ ሄ ሄ።"

"ይሄ ደግሞ ፍየሏ ስትታረድ ነው።"

"እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ።"

"እኔማ ድሮም ሳቅ አውቃለሁ።"

"እኮ ይሳቁ።"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣቸውም። ወጣቱም ሹራቡን ማውለቅ ጀመረ።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ የፍየሏ ቀልድ ገና አሁን የገባኝ መስዬ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ እናንተም እንዲህ ያሉ መንገደኞች ከገጠሟችሁ እስቲ ትንሽ ሳቅ አዋጡላቸው።