ጉደርን ያለፈው «ፓይለት»

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የድሮ ባልደረባዬ የኦቦ ቶለሳ ቀብር ላይ ጉደር ልድረስ ብዬ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ጌዶ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጉደር ስንገባ «ወራጅ አለ!» አልኩ። መኪናው ዝም ብሎ ይነጉዳል። ረዳቱ በሩን በእጁ ደበደበ፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኹ። ሹፌሩ ዞር እንኳ አላለም። ከተማውን ጨርሰን ስንወጣ ረዳቱ በሰው ላይ ተንጠራርቶ የሹፌሩን ትከሻ ነካውና መኪናው ቆመ። ለካ ሁለቱንም ጆሮውን በትልቅ ጥቁር ማዳመጫ ደፍኖታል! ይቅርታ ይለኛል ስል፣ ጭራሽ አውልቆ ያሳየኝ ጀመር። «የፓይለት ነው ጋሼ! አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ አማርጬ ነው የገዛሁት። ሞተሩንም ጫጫታውንም ጸጥ ያደርገዋል።»

ደሜ ፈላ። የእህቴ ልጅ አውሮፕላን ማብረር ስትማር ማዳመጫዋን የመረጥነው አብረን ነው። «ፓይለትነት የተማረችው የእህቴ ልጅ በየሱቁ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር» አልኩት፤ «የሚያናግረኝ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል ወይ? ነው የምትለው። ፓይለት ሞተሩን ጸጥ የሚያሰኘው ሰው ለመስማት ነው! አንተ ጸጥ ያሰኘኸው እኛን ነው!»

«ታዲያ የእናንተን ጩኸት ቀኑን ሙሉ ማን ይችለዋል?» ብሎ ማዳመጫውን መልሶ ጆሮው ላይ አደረገና እኔን አውርዶ ነዳው።

ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመልሼ ስደርስ ሰው ከቀብር እየተመለሰ ነው። የሟች ልጅ «ጋሼ፣ ምነው ቀሩብን?» አለችኝ። ጮኼ ነበር ከማለት በቀር ምን ልበላት?